አጭሯ መንገድና ረጅሙ ምስጋና

በእኛ ደጃፍ የምታልፈው መንገድ የስቴት ሃይዌይ፣ የግዛቱ አውራ ጎዳና፣ ትባላለች። ማዕረጓ ትልቅ ነው፤ እሷ ግን አጭር ናት። ከአንዱ ጫፍ ተነስቼ ሌላው ጫፍ እስክደርስ ሬዲዮ ላይ የጀመረው ዘፈን አያልቅም፤ ቀይ መብራት ካልያዘኝ ማለቴ ነው። የአሌክሳንድሪያን ምዕራብ ሰፈሮች ከትልቁ አውራ ጎዳና ጋር ታገናኛለች፤ ሌላ ሥራ የላትም። ቁጥር አላት፣ ስምም አላት፤ እኔ ግን ሁለቱንም መጥራት ትቻለሁ። ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው የትኛዋ እንደሆነች ይገባዋል።

በየአቅጣጫው ሦስት ሦስት መስመር አላት፣ መሃሏ ላይ ደግሞ ሣር የበቀለበት ጠባብ አካፋይ አለ። ወዲህ የእኛ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ ሊፍታቸው በየጊዜው የሚበላሽ አሮጌ የጡብ ሕንፃዎች ናቸው። ወዲያ ማዶ ሌሎች እንደነሱ ያሉ ሕንፃዎች አሉ፣ ከሥራቸውም የሐበሻ ግሮሰሪ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤትና አንድ ዳቦ ቤት። ከእኛ ደጃፍ ቆሞ ዳቦ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ፊቱን መለየት ይቻላል። ለመሻገር ግን የትራፊክ መብራት ያለው ወደ ላይም ወደ ታችም ሩቅ ነው። ይህን መንገድ ያቀደው ሰው በእግሩ ወጥቶ ዳቦ ገዝቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አባቴን ያመጣሁት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። ዕድሜውን በሙሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኖ የኖረ፣ ከመቀመጡ በፊት ሌሎች መቀመጣቸውን የሚያይ ሰው ነው። አንድ ነገር ቸገረኝ፣ አንድ ነገር ስጪኝ ብሎ አያውቅም። ወጡ ጨው ሲያንሰው «ዛሬ ወጡ ለደም ግፊት የሚስማማ ሆኗል» ይላል። ቤቱ ሲቀዘቅዘው «አንቺ ብርድ አይሰማሽም፣ ወጣት ነሽ» ይላል። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ካለፈኝ ቆይቷል። ልጁ ስለሆንኩ ማሞቂያውን እጨምራለሁ፣ ጨውን አቀርባለሁ። ከአባቴ ጋር መኖር ማለት ያላለውን መስማት ማለት ነው፤ ስለለመድኩት ከባድ መሆኑ ተረስቶኛል።

የምሠራው ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ነው፣ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ። በሽተኞቹ ገና ሳይነጋ ይመጣሉ፤ ማሽኑ ላይ የሚያደርጋቸው ሰው ከሌለ ደማቸው አይታጠብም። ስለዚህ በጨለማ ወጥቼ ቤልትዌዩን፣ ከተማውን የሚከበውን አውራ ጎዳና፣ ዞሬ እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ በትራፊክ ውስጥ እየተንፏቀቅኩ እመለሳለሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስመለስ አባቴን የማገኘው ኮቱን ለብሶ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የሚሄድበት ስለነበረው አይደለም። ሰው ቤት በእንግድነት የመጣ ሰው ካፖርቱን አያወልቅም፤ እሱም በገዛ ልጁ ቤት እንግዳ ነበር።

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች ወዴት ነው የሚሄዱት?» ይለኛል በመስኮቱ ወደ መንገዷ እያየ።

«ሥራ ነው አባባ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንዲያውም ጥሩ ነው» ይላል፣ መልሶ መንገዷን ያያል።

ያዳነው ሻለቃው ነው። ሻለቃው በድሮው ሠራዊት ውስጥ የነበረ፣ ማዶ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ ከልጁ ጋር የሚኖር፣ ከአባቴ በጥቂት ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። እሁድ ዕለት አባቴን ግሮሰሪ ይዤው ሄጄ ምስር ስመርጥ፣ ከኋላዬ እሱና ሻለቃው አንዱ ሌላውን «እርስዎ ይቅደሙ» እያሉ ሚዛኑ ፊት ተሟገቱ። ባለ ሱቁ ሁለቱንም ትቶ ሌላ ሰው አስተናገደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ በየማለዳው መንገዷን ተሻግሮ ዳቦ ቤቱ መስኮት አጠገብ ከሻለቃው ጋር ይቀመጣል። ሌሎች ሽማግሌዎችም ይመጣሉ፤ ይጫወታሉ፣ በዜና ይከራከራሉ፣ ስለ ጉልበታቸው ያወራሉ። እኩለ ቀን ላይ ይመለሳል። ማታ እኔ ስገባ የሚነግረኝ ነገር አለው። ኮቱን ማውለቅ ጀመረ። እናቴ ከሞተች በኋላ ሲስቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ቤት ስቀር ግን ሲሻገር አየሁት።

አባቴ የቆመለትን መኪና ሳያመሰግን ማለፍ አይችልም። ሾፌሩ ሲቆምለት እሱም መሃል አስፋልት ላይ ቀጥ ይላል። ከዘራውን ወደ ግራ እጁ ያዛውርና ባርኔጣውን አንስቶ ጎንበስ ይላል። ሾፌሩ እጁን ካላወዛወዘለት እንዳላየው ቆጥሮ ይደግመዋል። አንደኛው መስመር ላይ ያለው ቆመ ማለት ግን ሁለተኛው ቆመ ማለት አይደለም። ሁለተኛው የቆመውን መኪና አልፎ ሽው ይላል፤ ከፊቱ ሽማግሌ እንዳለ የሚያየው ካለፈው በኋላ ነው። ከስድስተኛ ፎቅ ሆኜ ጮህኩ። ማን ይሰማኛል?

«አባባ፣ ዝም ብለው ይለፉ» አልኩት ሲመለስ። «እዚህ አገር ማንም አያመሰግንም።»

«ማንም ስለማያመሰግናቸው ነዋ ሁሉም የተቆጡ የሚመስሉት» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ሥራ ላይ እያለሁ ሻለቃው ስልክ ደወለ። «የኔ ልጅ፣ ኮል ያደረግኩልሽ እንዳትደነግጪ ነው» አለኝ፤ እንደዚህ የተባለ ሰው የማይደነግጥ ይመስል። የመኪና ስፖኪዮ የአባቴን ክርን መትቶት ነበር፤ ባርኔጣውን ያነሳበትን እጅ። ባርኔጣው በርሮ ከጎማ ሥር ገባ። ቤት ስደርስ አባቴ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለብሶ ተቀምጧል። አንቱ የምለውን ሰው ባርኔጣዎ የት ሄደ ብዬ ፊት ለፊት አልጠይቅም፤ «ባርኔጣዎን አላየሁትም» አልኩት። «ዳቦ ቤት ረስቼው መሰለኝ» አለ። እጅጌውን ሰብስቤ ሳየው ክርኑ እስከ ክንዱ ጠቁሯል። እጅግ ተናደድኩ፤ በመኪናው፣ በመንገዷ፣ ከሁሉም በላይ በእሱ ጨዋነት። እንዳይሻገር ከለከልኩት።

እሺ አለኝ፣ አልተሟገተኝም። ቤት ዋለ። ጥቂት ቀን እንደቆየ ከሥራ ስገባ ኮቱን መልሶ ለብሶ አገኘሁት። ያን ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ እንዳለ ገባኝ። ወይ መንገዷ ትገድለዋለች፣ ወይ ቤቱ ይገድለዋል። ክልከላዬን አነሳሁ። ሦስተኛው ነገር አንድ የእግረኛ መብራት ነበር፤ ተጭነውት ጠብቀው ስድስቱም መስመር ቀጥ የሚልበት። ከዚያ በኋላ የፈለገውን ያህል ጎንበስ ይበል። ሌላ ምንም አልጠየቅሁም።

ወደ መንገድ መሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። አንዱ ወደ ሌላው አስተላለፈኝ፤ ሌላው ሙዚቃ አስደመጠኝ። ሰልችቶኝ ልተወው ስል በፖስታ አንዲት ካርድ መጣች። ስለዚችው መንገድ የነዋሪው አስተያየት የሚሰማበት ስብሰባ አለ፤ መናገር የፈለገ አስቀድሞ ይመዝገብ፣ ለእያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለት ደቂቃ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ይገኛል። ካርዷን ይዤ ሊፍት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አባቴንና የዳቦ ቤቱን ሽማግሌዎች በሙሉ አስመዘገብኩ። ራሴን አላስመዘገብኩም፤ ከሚያሽከረክር ሰው የሚሻገር ሰው ይሰማል ብዬ።

ቅዳሜ ሳሎናችን ሰብስቤ አስጠናኋቸው።

«ሽማግሌ ነኝ፣ በየቀኑ እሻገራለሁ፣ መኪና መትቶኛል፣ የእግረኛ መብራት ይተከልልን። በቃ።»

«በቃ?» አለ አባቴ። «ሰላምታ የለውም?»

«ሁለት ደቂቃ ነው አባባ።»

«ሰላምታ ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሰላምታ ሳይሰጡ ገብቶ ስጡኝ ማለትን ለማኝም አያደርገውም።»

ሻለቃው ጉልበቱን መታ አደረገ። «እኔ ግማሽ ደቂቃ ይበቃኛል» አለ። «ሰው ልትጨርሱ ነው፣ መብራት ትከሉ እላለሁ፤ እቀመጣለሁ።» ተነስቼ ጉንጩን ሳምኩት።

ስብሰባው አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምግብ አዳራሽ ውስጥ ነበር። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ሰው ተዘጋጅቶ መጣ። በር ላይ ብስኩትና ውሃ ተደርድሯል። ስብሰባውን የምትመራው የመንገድ መሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ፣ ጸጉሯን ጠቅልላ ያሰረች ደርባባ ሴት፣ ሽማግሌዎቹን ስታይ ከመድረኩ ወርዳ መጣች። ለአባቴ ወንበር ሳበችለት። የውሃውን ክዳን ከፈተችለት። የአስተርጓሚውን ማዳመጫ እንዴት እንደሚያደርግ ሲቸግረው በገዛ እጇ ጆሮው ላይ አደረገችለትና ትሰማኛለህ ወይ ብላ ፈገግ አለችለት። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት» አለኝ። 

ዕድሜ ይከበር ተብሎ መጀመሪያ የተጠራው እሱ ነው። ተነሳ፣ ኮቱን ቆለፈ፣ ጎንበስ አለ።

«የተከበራችሁ የዚህ አገር ሹማምንት፣ እንደምን አመሻችሁ» አለ። «እኛ ከሩቅ የመጣን ሰዎች ነን። ይህ አገር ልጆቻችንን ተቀበለ፤ በልጆቻችን በኩል እኛንም ተቀበለ። ዛሬ ደግሞ ጠርታችሁ፣ ወንበር ሰጥታችሁ፣ ውሃ አጠጥታችሁ ሐሳባችሁን ንገሩን አላችሁን። እግዚአብሔር ያክብራችሁ። መንገዱ መልካም መንገድ ነው። ጉድጓድ የለው፣ አቧራ የለው። የሚያሽከረክሩትም ሰዎች ጨዋዎች ናቸው፤ ሽማግሌ ሲያዩ ይቆማሉ። እኛ ምንም የጎደለን ነገር የለም። ዕድሜያችንን ጨርሰናል፤ ዛሬም ብንሞት ነገም ብንሞት ምንም አይደል...»

እዚህ ላይ ቆመ፤ ሴትየዋንም አያት።

እሱ ባደገበት አገር ለምን እንደቆመ ልጅም ያውቃል። ልመና ያለው ሰው መጀመሪያ የሚለምነውን ሰው ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል። ቀጥሎ ምንም አልጎደለኝም ይላል። ያን ጊዜ ባለሥልጣኑ ሰው ከሆነ «ኧረ አይበሉ አባቴ፣ ምን ተቸገሩ?» ይላል። ጥያቄው የሚቀርበው ከዚያ ወዲያ ነው፣ በተጠየቀ ሰው አፍ። አባቴ ያቺን «ምን ተቸገሩ» ይጠብቅ ነበር። ሴትየዋ የመጨረሻው ቃል በማዳመጫዋ እስኪደርሳት ጠበቀች፤ ከዚያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በደስታ ፈገግ አለችለት። እሱም ይጠብቃል። አስተርጓሚው ወጣት አንድም ቃል አላጎደለም፤ ስህተት ቢሠራ ኖሮ እሱን በረገምኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ደቂቃ የምትቆጥር ትንሽ መብራት ቀይ በራች። አባቴ ጊዜው ማለቁን ሲያይ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀመጠ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ተከትለው የተጠሩት ሽማግሌዎች ተራ በተራ እየተነሱ «አባታችን የተናገሩት የሁላችንም ነው» ብለው ተቀመጡ። ተስፋዬ ሁሉ ሻለቃው ላይ ቀረ። ተነሳ። አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞር ብሎ አየ፤ አባቴ ጭብጨባው ያሞቀው ፊቱን ወደ ላይ አንስቶ ያዳምጣል። ሻለቃው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እሳቸው ከተናገሩ በኋላ እኔ ምን እጨምራለሁ» አለና ተቀመጠ።

ዘልዬ ተነሳሁ። አባቴ ማለት የፈለገው እንዲህ አይደለም፣ መኪና መትቶታል፣ መብራት ነው የምንፈልገው ብዬ በእንግሊዝኛ ጮህኩ። አልተመዘገብሽም አሉኝ። የእሱን ሐሳብ ልግለጽላችሁ አልኩ። ሴትየዋ በለሰለሰ ድምፅ አባትሽ በጣም ግልጽና ልብ የሚነካ ነገር ተናግረዋል፣ በእሳቸው ፈንታ ሌላ ሰው ባይናገር እንመርጣለን አለችኝ። አከበረችው። የገደለኝ እሱ ነው፤ ከልቧ አከበረችው።

መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ሳልዘጋ ነገርኩት። «አባባ፣ መብራቱን እኮ አልጠየቁም።»

«እንዴት አልጠየቅሁም?»

«ምንም አልጎደለንም አሉ።»

«እሱ እኮ ነው መጠየቅ ማለት» አለኝ ተገርሞ። «የተማረች ሴት ናት፤ ገብቷታል።»

ሻለቃው ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ሕንፃው በር ላይ ሳወርደው የመኪናውን መስኮት ያዝ አድርጎ «ይቅር በይኝ የኔ ልጅ፣ አልቻልኩም» አለኝ ቀስ ብሎ።  እኔስ ብሆን በአማርኛ፣ አባቴ ፊት ችዬ ነበር?

ወራት አለፉ፤ አባቴ እየጎነበሰ ተሻገረ፣ እኔ በየቀኑ ስልኬ በጮኸ ቁጥር እየሮጥኩ እያነሳሁ ሥራዬን ሠራሁ። በበልጉ አንድ ቀን ሥራ ቦታ ደወለልኝ። አባቴ ደውሎልኝ አያውቅም። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኗል።

«መጡ!» አለኝ። «ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች አካፋዩን እየቆፈሩ ነው። አልገባቸውም ብለሽ አልነበር? ይኸው ገባቸው!»

ማሽን ላይ ላለ በሽተኛ ሁሉ ነገርኩ። አፍሬ ነበር፤ አባቴን ስላላመንኩት ደስ የሚል እፍረት። ማታ ስገባ ለሠራተኞቹ ብርቱካን ገዝቶ እንዳደለ፣ አንደኛው እንደጨበጠው ነገረኝ። በማግስቱ ጉድጓዶቹን ሳያቸው ግን በዙብኝ። ለአንድ መብራት ያን ያህል ጉድጓድ ምን ይሠራል? አልነገርኩትም፤ ምናልባት የማላውቀው ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ። ቀጥሎ ብረቱ መጣ። ከሰው ደረት ከፍ የሚል ጥቁር አጥር ነው፤ አካፋዩን ይዞ ከላይኛው መብራት እስከ ታችኛው መብራት አንድም ክፍት ሳይተው ተተከለ።

ለሴትየዋ ደወልኩ፤ ራሷ አነሳች። ሰዎች መብራት በሌለበት እንደሚሻገሩ፣ ይህም አደገኛ እንደሆነ፣ አጥሩ ከአደጋው እንደሚጠብቃቸው አስረዳችኝ። ነዋሪው በመንገዱ መደሰቱን በስብሰባው ስለገለጸ ተጨማሪ መብራት አላስፈለገም አለች። ምን እንዳልኳት በሙሉ አልጽፈውም። ስጨርስ እንደምታዝን ነግራኝ «አባትሽ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

አባቴን አጥሩ አጠገብ ይዤው ወረድኩ። ከዚህኛው ዳር ቆሞ ብዙ ጊዜ አየው። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጣ ደስ ባለኝ።

«ጥሩ ብረት ነው» አለ።

አንድ ቀን እስከ ታችኛው መብራት በእግሩ ሊሄድ ሞከረ። ጉልበቱ መንገድ ላይ ከዳው፤ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ያገኘው የማናውቀው ሰው በመኪና መለሰው። ሻለቃውም ልቡ ደክሞ ነበርና ያን ያህል መራመድ አልቻለም። ሁለቱ ሽማግሌዎች አዲስ ዘዴ ፈጠሩ። በየማለዳው አባቴ ከወዲህ ባለው የባስ ፌርማታ፣ ሻለቃው ከወዲያኛው ይቆማሉ። በአጥሩ ዘንግ መሃል ይተያያሉ፣ ጎንበስ ይባባላሉ፤ ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ይደዋወላሉ። ስድስት መስመር መኪና እየጮኸ መስማት የለም። «ምን አሉኝ?» «አልሰማሁም።» «ይድገሙልኝ።» ይህንኑ ሲባባሉ ቆይተው ይለያያሉ።

በዚህ ላይ ደግሞ የባሱ ጣጣ አለ። ሾፌሩ ፌርማታ ላይ ሽማግሌ ሲያይ ይቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ ለአባቴ ብሎ ደረጃውን ዝቅ ያደርግለታል። አባቴ እንዴት አድርጎ «አልሄድም» ይበለው? ይህን ሁሉ ያደረገለትን ሰው? አመስግኖ ይሳፈራል። ሻለቃው ማዶ እጁን እንዳነሳ ይቀራል፤ አባቴ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄዶ፣ ያ ባስ እስኪመለስ ጠብቆ፣ ይመለሳል። ሳቅሁ መጀመሪያ ሲነግረኝ። ሲደጋገም መሳቅ አቃተኝ። ቅዳሜና እሁድ በመኪና እወስደዋለሁ፤ በሥራ ቀን አልችልም። «አትድከሚ፣ እንተያያለን እኮ» ይለኛል።

በክረምቱ ሻለቃው ፌርማታው ላይ መታየት ተወ። ብርዱ ነው አልን። አባቴ ግን መውረዱን አልተወም፤ ባዶውን ፌርማታ አይቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ጠዋት የሻለቃው ልጅ ሥራ ቦታ ደወለልኝ፤ አባቱ በእንቅልፉ አርፏል። አለቃዬን ለምኜ ወጣሁ። የቤቴን በር ስከፍት አባቴ ከወንበሩ ቀና ብሎ አየኝ፣ ሰዓቱን አየ። ከሥራ በዚያ ሰዓት የተመለሰ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

«ሻለቃ ናቸው?» አለኝ።

«አዎ አባባ።»

ወደ ለቅሶው ቤት በመኪና ሄድን። በመስኮታችን የሚታየው ሕንፃ ጋ ለመድረስ ወደ ታች ወርደን፣ መብራቱ ጋ ተሰልፈን፣ ዞረን፣ ያንኑ አጥር በሌላ ጎኑ እያየን ተመለስን። አባቴ ፊቱን ከብረቱ ላይ አላነሳም። የለቅሶው ቤት ሞልቶ ነበር። ከቀብር መልስ፣ ከሁሉ የቅርብ ጓደኛቸው እሳቸው ናቸውና ስለ ሻለቃ ጥቂት ይናገሩልን ተባለ። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። እዚያ ቤት ጊዜ የሚቆጥር አልነበረም፤ እስኪመሽ ቢናገር የሚያቋርጠው የለም። አባቴ ተነሳ፤ ሰላምታም ምስጋናም ከአፉ አልወጣም።

«ጎረቤቴ ነበር» አለና ተቀመጠ።

ፈቃዴ ከቀብሩ ጋር አለቀ። ያን ዕለት ማታ ራት አቀረብኩለት፤ አልነካውም። የነገውን ልብሴን ስተኩስ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። ስለ ብርድ የሚነግረኝ መስሎኝ ማሞቂያውን ልጨምር ፈቀቅ አልኩ።

«ነገ ሥራ አትሂጂ» አለኝ።

ዞሬ አየሁት። በሕይወቴ ከዚህ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። እግዚአብሔር ይስጥሽ አላለም፤ ብትችይም አላለም፤ አንቺ ደክሞሻል አላለም። ቀጥ ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔ ሳሎናችን ውስጥ እንዳስጠናሁት። ዓይኑን ከዓይኔ ላይ ሳያነሳ መልስ ይጠብቃል።

የሚተካኝ ሰው አልነበረም። ማለዳ ወንበራቸው ላይ ሆነው የሚጠብቁኝን በሽተኞች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ይህንን ሁሉ አስረዳሁት፣ ቅዳሜ ሙሉ ቀን አብረን እንውላለን አልኩት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ልክ ነሽ» አለኝ። «ምንም የጎደለኝ ነገር የለም።»

በማግስቱ በጨለማ ተነስቼ ሥራ ሄድኩ።